የኮርኒስ ነገር፦ ሲሲሊ ላይ አሮጌ ቤት ሳድስ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጥፍሬ ሥር የገባው ኖራ ግን አሁንም ሙልጭ ብሎ አልወጣም። «የአንድ ዩሮ ቤት ገዛህ አሉ!» እያሉ የሚደውሉልኝ ሰዎች ስለበዙ፣ ነገሩን ከነወጪው አንዴ ጽፌ ልገላገል።

በመጀመሪያ የኔ የአንድ ዩሮ ቤት አይደለም። ሳምቡካ ዲ ሲሲሊያ የምትባለው ከተማ በ2019 እ.ኤ.አ. ሰው የተዋቸውን ቤቶች ከአንድ ዩሮ መነሻ ለጨረታ አውጥታ ዓለም አወራላት። እነሱም ቢሆኑ ጨረታው ሲያልቅ ከሺህ እስከ 25 ሺህ ዩሮ ነው የሄዱት፤ ገዢውም በሦስት ዓመት አድሶ ሊጨርስ 5,000 ዩሮ መያዣ አስቀምጧል። እኔ እዚያው ሳምቡካ የገዛሁት ባለፈው ኅዳር ከግለሰብ ነው፣ 13,500 ዩሮ። ላዩ ላይ የምዝገባ ግብር አለ። እንደኔ ላለ እዚያ ለማይኖር ሰው መዝገብ ላይ ካለው ግምት 9 በመቶ ነው፤ ግምቱ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን ግን ከ1,000 ዩሮ አይወርድም። ውል ለሚያዋውለው ኖታዮና ለአስተርጓሚዋ ሌላ 2,400 ከፈልኩ። ጣሊያንኛ የማይችል ሰው ያልገባውን ውል መፈረም ስለማይፈቀድለት አስተርጓሚ ግዴታ ነው። የጀርመን ፓስፖርት ስላለኝ የመግዛት መብቴ ላይ ጥያቄ አልተነሳም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆነ ሰው ግን «ያንተ አገርስ ጣሊያናዊን ቤት ታስገዛለች ወይ?» የሚል ነገር አለ።

እኔ ፍራንክፈርት ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። አባባ ኮልፌ ያረጁ ግንበኛ ናቸው። ልጅ ሆኜ ውሃ ልክና መዶሻ እየተሸከምኩ ከኋላቸው እሄድ ነበር። ቤቱን የገዛሁት በዚህ ትምክህት ነው ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 2 ቀን 2017፣ ሐሙስ፦ ፓሌርሞ

ገና ከአውሮፕላን እንደወረድኩ መኪና አከራዩ ጋ ተያዝኩ። ካርዴ ዴቢት ስለሆነ ለመያዣ አይሆንም አሉ። «ወይ ሙሉ ኢንሹራንስ ግዛ፣ ወይ በእግርህ ሂድ» የሚመስል ነገር ነው ልጅቷ በፈገግታ ያለችኝ። 190 ዩሮ ከፈልኩ። አንዲት ነጭ ፊያት ፓንዳ ሰጡኝ፣ በሯ ስትዘጋ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የምትጮህ።

ማታ ባላሮ ገበያ ወጣሁ። ሁዳዴ ነው፣ ምን እበላለሁ ብዬ ስጨነቅ ፓኔሌ አገኘሁ። የሽምብራ ዱቄት በውሃ እንደ ገንፎ ተሠርቶ፣ ሲበርድ በስሱ ተቆርጦ ይጠበስና ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ውስጥ ይገባል። ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። 3 ዩሮ። ቆሜ ሁለት በላሁ። ፓሌርሞ የጾም ምግብ አላት ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ፦ ወደ ሳምቡካ

ከፓሌርሞ ወደ ሻካ የሚወስደው መንገድ 624 ቁጥር ነው። ፈጣን መንገድ ይባላል፣ ግን በየቦታው «ጥገና ላይ» የሚል ምልክት ቆሞ በ50 ያስኬድሃል፤ የሚጠግን ሰው ግን አላየሁም። ወይን፣ ስንዴ፣ ወይን፣ ስንዴ። በሚያዝያ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ባለፈው ዓመት ድርቁ ጠንቶ መንግሥት ለደሴቲቱ የአስቸኳይ ጊዜ ማወጁን ያነበበ ሰው ይህን ቢያይ አያምንም።

ማፈሪያዬ የመጣው ከተማዋ ስገባ ነው። የቤቴ ሰፈር ዐረቦች የቆረቆሩት ነው፣ መንገዶቹን ቫኔዲ ይሏቸዋል። ስልኬ «ወደ ግራ ታጠፍ» አለኝ፣ ታጠፍኩ። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ሄዶ ፓንዳዋ እንደ ቡሽ ተወተፈች። የ12 ሜትር አውቶቡስ የምነዳ ሰው! መስታወቶቹን አጠፍኩ፣ አልበቃም። አንዲት አሮጊት በመስኮት ብቅ አሉ፣ ቀጥሎ አንድ ሰውዬ፣ ቀጥሎ አምስት። ሁሉም በእጃቸው ያስነዱኛል፣ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሦስቱ ወደ ኋላ። ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ስወጣ በቀኝ በኩል ክንድ የሚያህል ጭረት ነበር። ያ 190 ዩሮ ያን ጊዜ አላንገበገበኝም።

በመስኮት የወጡት አሮጊት ጎረቤቴ ሆነው ተገኙ። ሲኞራ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል።

ቤቱ ውስጥ ማደር ስለማይቻል በቀን 45 ዩሮ ክፍል ይዣለሁ። ቁርስ አለው ግን ጣፋጭና ቅቤ ብቻ ነው፤ ቡና በባዶ ሆድ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ፦ ወረቀት

ጄኦሜትራው መጣ። ግማሽ ቀያሽ፣ ግማሽ መሐንዲስ፣ ግማሽ ጉዳይ አስፈጻሚ ማለት ነው፤ ሦስት ግማሽ አንድ ላይ አይሞላም አትበሉኝ፣ እዚያ ይሞላል። ያለሱ መሮ አይነሳም። ሥራ መጀመሩን ለማዘጋጃ ቤት የሚያሳውቀው እሱ ነው።

ቤቱ ምድር ቤት በቅሎ የሚታሰርበት ጋጣ፣ ላዩ ሁለት ክፍል፣ ከኋላ በረንዳ ነው። በረንዳው ላይ ሽንት ቤት ተሠርቷል። ጄኦሜትራው ዞር ዞር ብሎ አየና ሽንት ቤቱ ፊት ቆሞ ዝም አለ። ዝምታው አልጣመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካታስቶ የሚሉት የግብር መዝገብ አለ። ሽያጭ ሲፈረም ቤቱና እዚያ ያለው ፕላን መመሳሰል አለበት፤ የኔ ይመሳሰላል፣ ሽንት ቤቱም ተስሏል። እኔም ተመሳስሏል ብዬ ተኝቼ ነበር። ግን ካታስቶ ለግብር ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ ያለው ማዘጋጃ ቤት ነው። ከ1967 እ.ኤ.አ. መስከረም በፊት የተሠራ አሮጌ ቤት «ከዚያ በፊት ነው» ተብሎ ያልፋል። ሽንት ቤቱ ግን የሰባዎቹ ነው፣ ብሎኬቱ ይናገራል። ስለዚህ ወይ ቅጣት ተከፍሎ ሕጋዊ ይደረጋል፣ ወይ ይፈርሳል። ሻጩ ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። እኔስ ከመፈረሜ በፊት ጄኦሜትራ ቀጥሬ ነበር? 600 ዩሮ ልቆጥብ ብዬ አልቀጠርኩም። እዚያ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ካለ ከዚህ ጽሑፍ ይህችን አንቀጽ ብቻ ይውሰድ፣ ሌላው ወሬ ነው።

ይፍረስ አልኩ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና፦ ጊቤሊና

ሥራ የለም። ሲኞራ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የተጎነጎነ ዘንባባና የወይራ ቅርንጫፍ ሰጡኝ። ከዘንባባው ትንሽ ቀድጄ እንደኛ ቀለበት ሠርቼ ጣቴ ላይ አደረግኩ፤ እሳቸውም አንድ አሠሩኝ።

ከሰዓት ወደ ጊቤሊና ነዳሁ። በጥር 1968 እ.ኤ.አ. የቤሊቼን ሸለቆ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ያጠፋት ከተማ ናት። ሕዝቡ ሌላ ቦታ አዲስ ከተማ ተሠራለት። አልቤርቶ ቡሪ የሚባል ሠዓሊ ደግሞ ፍርስራሹን በነጭ ሲሚንቶ ሸፈነው፣ የድሮ መንገዶቹ እንደ ስንጥቅ ሆነው ቀሩ። ሲሚንቶው እስከ ትከሻዬ ይደርሳል። በመሐሉ ስሄድ ከንፋስ በቀር ድምፅ የለም። እግሬ ሥር የሰው ማጀት፣ የሰው ደጃፍ አለ። ጄኦሜትራው «ግድግዳውንና ጣራውን የሚነካ ሥራ በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ሕግ ነው የሚያልፈው» ሲለኝ ቢሮክራሲ ነው ብዬ አጉረምርሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላጉረመረምኩም።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ፦ ግድግዳው

ሰኞ ማኅተምና ወረፋ ነው፣ ልዝለለው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማስትሮው መጣ። ግንበኛ ነው፣ የኔ እኩያ፣ በቀን 130 ዩሮ። የመጀመሪያ ጥያቄው «በደረሰኝ ወይስ ያለ ደረሰኝ?» የሚል ነበር። አገሬ የገባሁ መሰለኝ። በደረሰኝ አልኩ፤ ለመኖሪያ ቤት እድሳት ታክሱ 22 ሳይሆን 10 በመቶ ነው፣ ያን ያህል አያስጮህም።

እኔ ጣሊያንኛ አልችልም፣ እሱ ጀርመንኛ አይችልም። ግን አባባ አሉ። በቪዲዮ ደወልኩላቸው፣ ስልኩን ግድግዳው ላይ አዞርኩ። ምድር ቤቱ እስከ ወገብ ድረስ ረጥቦ ልስኑ እንደ እከክ ይፈረፈራል።

«ሲሚንቶ ነው የለሰኑት?» አሉ አባባ።

ማስትሮው «ሲሚንቶ» የምትለዋን ሰምቶ ራሱን ያዘ። «ሲ! ቼሜንቶ!»

ከዚያ በኋላ እኔ ትርፍ ሰው ሆንኩ። አባባ «ጄሶ» ይላሉ፣ እሱ «ጄሶ» ይላል። «ፌሮ»፣ «ቱቦ»፣ «ሶሌታ»። የአዲስ አበባ ሠራተኛ አፍ ላይ ያለው ቃል ሁሉ ከዚያው የመጣ ነውና አንዳንዴ ሁለቱ የሚጨቃጨቁ ይመስሉ ነበር። አባባ ኖራን በጣሊያንኛ አያውቁትም። «ነጩን! ነጩን ዱቄት በለው!» እያሉ ጮኹ። ማስትሮው «ካልቼ» አለና ከመኪናው ከረጢት አመጣ። ተግባቡ። ድንጋዩ ከሥር ውሃ ይጠጣል፣ ሲሚንቶ አፍኖት መውጫ አጥቷል፤ ሲሚንቶው ተልጦ በኖራ ሲለሰን ይተነፍሳል። ይኼው ነው። አንድ ድርጅት ለዚህ ግድግዳ መርፌ እንወጋዋለን ብሎ 4,000 ዩሮ ጠይቆኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ መሮና መዶሻ ይዤ ላጥኩ። ማታ ማንኪያ ማንሳት አቃተኝ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ፦ ታንከር

አግሪጀንቶ አውራጃ ውስጥ ውሃ በፈረቃ መሆኑ የታወቀ ነው። በየጣራው ላይ ታንከር ተደርድሯል፣ ልክ እንደ አዲስ አበባ ሮቶ። ፍራንክፈርት ያሉ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «እንዴት ትኖራለህ?» አሉ። እኔ ደግሞ በፈረቃ ነው ያደግኩት። ሲኞራ ውሃ ሲመጣ ግድግዳዬን በመጥረጊያ እንጨት እንደሚያንኳኩልኝ ቃል ገብተዋል።

ችግሩ ጣራዬ ላይ ያለው ታንከር ኤተርኒት መሆኑ ነው። አስቤስቶስ። ጣሊያን በ1992 እ.ኤ.አ. አግዳዋለች፣ የቆየው ግን በየሰገነቱ አለ። በመዶሻ ሰባብሬ ልጣል ስል ማስትሮው እጄን ያዘኝ። ዱቄቱ ሳንባ ይገባል፣ ቅጣቱ ደግሞ ኪስ ይገባል። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ነጭ ቱታና ጭንብል ለብሰው መጡ፣ የሚያጣብቅ ነገር ረጩበት፣ በላስቲክ ጠቅልለው አወረዱት። 700 ዩሮ። አዲሱ የፕላስቲክ ታንከር፣ ሺህ ሊትር የሚይዘው፣ 260 ነው። አሮጌውን ማውጣት አዲሱን ከመግዛት ሲበልጥ ያየሁት ጥርስ ሐኪም ቤት ብቻ ነበር።

ማታ ስንለያይ ለማስትሮው የነገውን ሥራ ነገርኩት። ላይኛው ክፍል ኮርኒሱ ሸምበቆ በጄሶ ተለስኖ የተሠራ ነው፣ ውሃ ገብቶበት መሐሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ተንጠልጥሏል። ጣሊያንኛዬን ሰብስቤ «ዶማኒ፣ ኮርኒቼ፣ ቱታ ቪያ» አልኩት። ነገ ኮርኒሱን በሙሉ አውርደው ማለቴ ነው።

«ቱታ?» አለ። «ማ ኤ ቤላ።» ቆንጆ እኮ ነው!

ይሄ የተንጠለጠለ ሆድ ምኑ ነው ቆንጆ፣ የሰው ጣዕም መቼም አያልቅም ብዬ «ቱታ» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

ጠዋት ሸክላ ልገዛ ሻካ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ ማስትሮው ደጃፉ ላይ መሰላል አቁሟል። ቤቱ ውስጥ አይደለም፣ ደጃፉ ላይ። መዶሻ ያሰማል።

ከመግቢያው በር በላይ፣ ያ ቤት ያለው ብቸኛ ውበት፣ የወይን ዘለላ የወጣበት ከፈፍ ነበር። ቀኝ ግማሹ መሬት ላይ ተበትኗል።

ጣሊያንኛ «ኮርኒቼ» ማለት ከፈፍ ነው። የበር፣ የመስኮት፣ የሥዕል። እኛ ቃሉን ወስደን የክፍል ጣራ ሰጠነው፣ እነሱ ያንን «ሶፊቶ» ነው የሚሉት። ማስትሮው «አንተ ነህ ያልከኝ!» ይላል፣ እውነቱን ነው። እኔ «ላይ! ላይ!» እያልኩ ጣቴን እቀስራለሁ። ሲኞራ በመስኮት «ማዶና ሚያ» ይላሉ። ወዲያው ጄኦሜትራው ደረሰና የባሰውን ነገረኝ፤ አሮጌው ከተማ ውስጥ የፊት ለፊት ገጽታ በገዛ ፈቃድ አይነካም፣ እንደነበረ መመለስ አለበት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አባባ ጋ ደወልኩና ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሎ?» ስል እየሳቁ ነበር፣ ድምፅ ሳይወጣቸው፣ እስኪያስላቸው። «አንተ ልጅ፣ ስድሳ ዓመት ኮርኒስ ስል ኖሬ ተሳስቼ ነዋ!»

ቤት ቢሆን ዛሬ ጉልባን ነበር። ማታ ሲኞራ በሩን አንኳኩተው ሳህን ሰጡኝ። ማኮ ነው፦ የደረቀ ባቄላ እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ የሜዳ እንስላል ገብቶበት፣ ላዩ ላይ የወይራ ዘይት። ሽሮ ነው በሉት፣ በርበሬ የረሳ። አይብ ሊጨምሩበት ሲሉ ጾም ነኝ አልኳቸው። «አይብም? ወተትም? ሃምሳ አምስት ቀን?» ጉንጬን ቆነጠጡኝ። ባቄላው በሌላ መንገድ ዞሮ መጣልኝ።

ሚያዝያ 10 እና 11፣ ስቅለትና ቅዳሜ

ዓርብ ከሰዓት የነሐስ ባንድ ቀስ ብሎ ይጫወታል፣ የክርስቶስ ምስል በመስታወት ሣጥን ተሸክመው ያልፋሉ፣ ከኋላ ጥቁር የለበሰች እመቤታችን። ተሸካሚዎቹ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ። መስገዱን ክፍሌ ገብቼ ሞከርኩ፣ ግድግዳ ሲልጥ የሰነበተ ወገብ ግን ብዙ አላስኬደኝም።

ቅዳሜ ማስትሮው ሳልጠራው መጣ። ፀፀት ነው መሰለኝ፣ ወይም ጄኦሜትራው ተቆጥቶት። ከተረፈው ግማሽ ከፈፍ ላይ ካርቶን ለጥፎ የጎን ቅርጹን በእርሳስ ገለበጠ፣ እጥፋቱን፣ ጎድጓዳውን፣ ጥርሱን። ከዚያ ካርቶኑን ላሜራ ላይ አስቀምጦ በመቀስ ቆረጠና ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰ። ላሜራውን እንጨት ላይ መታው። ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አሠረ፣ እንደ ሐዲድ። ኖራና ጄሶ ለወሰ፣ ለጠፈ፣ ላሜራውን ሐዲዱ ላይ ጎተተው። ምንም የለም፣ ጭቃ ብቻ። ለጠፈ፣ ጎተተ። በአምስተኛው ላይ አንድ መስመር ታየ። በአሥረኛው እጥፋቱ ወጣ። በቪዲዮ የሚያዩት አባባ «እንዲህ ነው፣ እንዲህ ነው፣ አታስቸኩለው» ይላሉ፣ እኔን ይሁን እሱን አልገባኝም። የወይን ዘለላው ግን በላሜራ አይወጣም፤ ሻካ ያለ አንድ ሰው በእጁ ይቀርጸዋል ተባለ። 380 ዩሮ፣ ከኪሴ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዘንድሮ የኛም የነሱም ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ። ጠዋት ቡና ቤት ገብቼ ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ በጉጉት «ማኪያቶ» አልኩ። የመጣልኝ በስኒ ጠብታ ወተት የነካው ጥቁር ቡና ነው፣ 1.20 ዩሮ። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ሌላ ሃይማኖት ነው። ማካካሻ ሚኒ ዲ ቪርጂኒ በላሁ፦ የወተት ክሬም፣ የዱባ ማርማላታና ቸኮሌት የተሞላ የከተማዋ ኬክ፣ በ1725 እ.ኤ.አ. አንዲት መነኩሴ የፈጠረችው ይባላል። ስሙን አልተረጉምም፣ ቅርጹ ይናገራል።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

የፋሲካ ማግስት ፓስኬታ ይባላል፣ ሁሉም ከቤተሰቡ ጋር ሜዳ ወጥቶ ሥጋ ይጠብሳል። ማስትሮው አራንቾ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የወይራ ማሳው ጋበዘኝ። ከሰል ገና አልተያያዘም፣ የሚስቱ ስልክ ጮኸ። ጳጳስ ፍራንቸስኮ አርፈዋል። ሴትዮዋ ሹካውን አስቀምጣ አማተበች። ከከተማው በኩል ደወል ተሰማ። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ አንድ አጎት «ትናንት በቴሌቪዥን አላየናቸውም?» አለ፣ ሌላው ከሰሉን አራገበ፣ ጠቦቱ ተጠበሰ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚበላ ብዙ ሰው ነበር።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ፦ መመለሻ

ሻንጣዬን ስዘጋ ግድግዳው ተንኳኳ፣ ሦስት ጊዜ። ውሃ! ሰገነቱ ላይ ሮጥኩ፣ አዲሱ ታንከር ውስጥ ሲንፎለፎል ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ። ፓንዳዋን ስመልስ ልጅቷ ጭረቱን አይታ ኢንሹራንሱ መስታወትና ጎማ አይጨምርም አለችኝ። ጭረቱ በር ላይ ነው። ሦስቴ አስነብቤያት ነው የለቀቀችኝ።

እስካሁን ከቤቱ ዋጋ ውጭ ይህ ጉዞ ብቻ 4,300 ዩሮ ገደማ በልቷል። ጣራው ገና ነው፤ የሚቀጥለው በመስከረም፣ ነሐሴ ላይ እዚያ ሚስማር የሚመታ ሰው አይገኝም።

ትናንት ማስትሮው ፎቶ ላከልኝ። ከፈፉ አልቋል፣ ቀኙና ግራው አይለይም፣ ዘለላው እንዲያውም ከድሮው ፍሬ በዝቶበታል። ከሥሩ «ኮርኒቼ ፊኒታ» ብሎ ጽፏል፣ ከአንድ የሚስቅ ፊት ጋር። በሩ ክፍት ስለሆነ ከኋላ ደረጃው፣ ከደረጃው በላይ ደግሞ ያ የተንጠለጠለ ሆድ ይታያል።

ለአባባ አስተላለፍኩላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ጎበዝ ነው ሰውዬው፣ አሳምሮ ሠርቶታል» አሉ። «ኮርኒሱስ?»